አደይ ለምን ዝም አለች? ከደብረ ብርሃን የቀረበ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

የመክፈቻ ጥያቄ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በመስከረም መጨረሻ ለልጄ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ በቀቀን ገዝቼላት ወደ ደብረ ብርሃን ይዣት መጣሁ። ሻጩ «ላቭ በርድ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ራሷ ቢጫ፣ ደረቷና ሆዷ አረንጓዴ፣ ጀርባዋና ክንፏ በጥቁርና በቢጫ የተዥጎረጎረ ሲሆን ከነጅራቷ አንድ ስንዝር አትሞላም። የአደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበርና ልጄ ስሟን «አደይ» አለቻት። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ጎሕ ሲቀድ ጀምራ ስትንጫጫ ትውል የነበረችው ወፍ ኅዳር ከገባ ወዲህ ዝም ብላለች። ላባዋን ነፍታ እንደ ጥጥ ልቃቂት ትድቦለቦልና አንድ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፤ ቀርቤ ስመለከታት ደግሞ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። የምግብ ሣህኗ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

ቤታችን በቆርቆሮ የተከደነ የጭቃ ቤት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝና በዚህ ወር ሌሊቱን ምን ዓይነት ውርጭ እንደሚወርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጎዳት ብርዱ ይሆን? ብርዱ ከሆነስ በምን ላሙቃት?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ሦስት መልሶች ተከተሉ። ከመጀመሪያዎቹ መልሶች አንዱ ወፏን ለሞት የሚያደርስ ምክር ስለነበረ፣ ሦስት አራት መልስ ብቻ አንብቦ የሚሄድ ሰው ያንን ይዞ እንዳይሄድ ሁሉንም በየተራቸው፣ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። የራሴንም ስሕተት አልደበቅሁም።

1ኛ እና 2ኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ የከተማዬ ሰው ሲሆን ጥፋተኛው ብርዱ ለመሆኑ ቅንጣት ጥርጥር አልነበረውም። በእርሱም ቤት በዚህ ወቅት የሚሞቱ ጫጩቶች እንደማይጠፉ ጠቅሶ እግዜር ይማርልህ ብሎኝ አለፈ። ሁለተኛው የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑ ስለሚታወቅ አንቱ ብዬ ነው የመለስሁላቸው። የሽቦ ቤቱን ማታ ማታ በባና እንድሸፍነው መከሩኝ። የመንዝ በግ ጠጉር ሰውን ከውርጭ ካዳነ ለወፍ የማይበቃበት ምክንያት አይታያቸውም።

3ኛ መልስ

ይህ ነው ያጠፋኝ። መላሹ በትሕትና፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፈርኔሎ በደንብ ካቀጣጠልሁ በኋላ ከወፏ ቤት ሥር ሁለት ክንድ ያህል አርቄ እንዳስቀምጠው፣ በሩንና መስኮቱንም ሙቀቱ እንዳይወጣ ደህና አድርጌ እንድዘጋ ጻፈልኝ። ብዙ ሰው አመሰገነው፤ እኔም አመሰገንሁት። የዚያኑ ምሽት እንዳለኝ አደረግሁ፤ በማግሥቱም ደገምሁት።

4ኛ መልስ

አንድ ወፍ አጥኚ መሆኑን ያልገለጸ፣ ነገር ግን ከጽሑፉ የሚታወቅበት ሰው፣ ወፏ «ላቭ በርድ» አለመሆኗን በማረም ጀመረ። ይህች ባጂ የምትባለው ትንሿ በቀቀን ናት። አገሯ የአውስትራሊያ መካከለኛው ደረቅ ምድር ሲሆን፣ ጆን ጉልድ የተባለው የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1840 ከነሕይወቷ ወደ እንግሊዝ ካመጣት ወዲህ በዓለም ሁሉ የቤት ወፍ ሆናለች። ሰማያዊ፣ ነጭና ብጫ የሆኑት ሁሉ በሰው እጅ ከረቡ በኋላ የተገኙ ናቸው፤ የእኔዋ ግን በበረሃ የሚበርረውን የጥንቱን ቀለም የያዘች ናት። «ላቭ በርድ» ለሚባለው ወገንማ ከባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለመናው አረንጓዴ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ የወንዱም ግንባር ቀይ የሆነው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኘው ዝርያ በራሳችን የደጋ ደኖች ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ከላክሁት ፎቶግራፍ አንድ ነገር አየ። ከምንቃሯ በላይ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ያሉበት ሥጋማ ጉብታ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ በዚህ ቀለም ያለች ለአቅመ መራባት የደረሰች ባጂ ሴት አይደለችም፣ ወንድ ናት። የሴቲቱ ቡናማ ወይም ገርጣ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች በወንድ አንቀጽ እጽፋለሁ። ልጄ ግን ስሙን ለመለወጥ ፈጽሞ አልተስማማችም፤ አደይ ብሎ ወንድም አለ፣ ብላ ዘጋችኝ።

5ኛ እና 6ኛ መልስ

5ኛው የ4ኛውን ሐሳብ አንሥቶ፣ በዚያ በረሃ ቀኑ የሚያቃጥለውን ያህል በክረምቱ ሌሊት ውርጭ እስኪወርድ እንደሚበርድ፣ ደረቅ ቦታ ያለ፣ ሽው የሚል ነፋስ የማያገኘውና የጠገበ ጤነኛ ባጂ ቀስ በቀስ ከለመደ የደጋን ብርድ እንደሚችል አስረዳ። የሚያስፈራው የሙቀቱ በድንገት መገለባበጥ ነው፤ ማታ እንደ ምድጃ የጋለ፣ ሌሊት ከሰሉ ሲጠፋ እንደ በረዶ የሚሆን ክፍል ከወጥ ብርድ ይከፋል።

6ኛው ሰው በዚህ ተቆጣ። ለ5ኛው ሲመልስ፣ ስለ አውስትራሊያ ክረምት ከመጻፉ በፊት አንዲት የታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ብርድ ልብስ እንዲያድር ጋበዘው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ ይሁንና ክርክሩ ለአንድ ቀን ያህል ከወፉ ወጥቶ የማን ከተማ ይበልጥ ይበርዳል ወደሚል ሄደ።

7ኛ፣ 8ኛ እና 9ኛ መልስ

በዚህ መካከል አንዲት እኅት ገባች። ምክር አልሰጠችም፤ አምስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ቡና የሚፈላው የት ነው? የወፉ ቤት ከዚያ ስንት እርምጃ ይርቃል? ዕጣን ይጨሳል ወይ? ከሰሉ ሌሊት ውስጥ ያድራል ወይ? የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ አላችሁ ወይ?

8ኛው መልስ የራሴ ነው። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ደህና ባለቤት መሆኔን ለማሳየት የተጻፈ ይመስላልና። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ፣ በሳሎኑ ጥግ እንደሚፈላ፣ የወፉንም ቤት ሙቀት እንዲያገኝ ብዬ ከረከቦቱ ራስጌ ግድግዳው ላይ እንደ ሰቀልሁት፣ ዕጣን ሳይጨስ ቡና ቡና እንደማይሆን፣ ከ3ኛው መልስ ወዲህም ከሰሉ እንደሚያድር አብራርቼ ጻፍሁ። ዘመድ በዛ ባለበት የኅዳር ወር በቀን አራት ጊዜ የፈላበትም አለ። ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ እንኳ አላሰብሁም።

9ኛው መልስ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ፤ ትሕትና አልነበረውም። ፈርኔሎውን አሁን፣ ይህን አንብቤ ሳልጨርስ እንዳወጣው፣ መስኮቱንም እንድከፍት አዘዘችኝ። ወፉን ብቻ ሳይሆን በዚያው ጣሪያ ሥር የምትተኛውን ልጄን እንዳስብ፣ ከሰል ታፍኖ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ በየዓመቱ በብርድ ወቅት በር ዘግተው የተኙ ሰዎች እንደተኙ የቀሩት በዚሁ መሆኑን ጻፈች። ከዚያ ስለ ወፍ ሳንባ አስረዳች። አብዛኞቹ ወፎች ከሳንባቸው ሌላ ዘጠኝ የአየር ከረጢቶች አሏቸው፤ ሲያስገቡም ሲያስወጡም አየሩ በሳንባቸው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ለመብረር የተሰጣቸው ይህ ጸጋ በተበከለ አየር ውስጥ ጠላታቸው ይሆናል፤ መርዙንም እንደ ንጹሑ አየር ፈጥነውና አሟጥጠው ይስቡታልና። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይገቡ የነበሩት ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ ነበር። እኔ ግን ወፌን ለማዳን ብዬ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንደከተትሁት ነገረችኝ። መጥበሻውንም የጠየቀችው ያለምክንያት አልነበረም፤ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ትነት በሌላ ክፍል ያለን ወፍ እንኳ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።

አነበብሁና ተነሣሁ። ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ከሰሉ አመድ ለብሶ ከውስጥ ይፍማል፤ አደይ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከመቆሚያው ወርዶ፣ ጥግ ይዟል። ባትሪ ሳበራበት አንገቱን እንኳ አላቀናም።

10ኛ፣ 11ኛ እና 12ኛ መልስ

ዕጣን የሚለው ቃል ሌላ ጠብ አስነሣ። 10ኛው መላሽ ከአባቶቻችን የወረስነውን፣ ቤተ ክርስቲያንም የምትባርክበትን ነገር መርዝ ማለት ድፍረት ነው ሲል ክፉኛ ገሠጻት። እርስዋ አልመለሰችም፤ 11ኛው ሌላ ሰው መለሰላት። ማንም ዕጣንን አልሰደበም፤ የተባለው ለሰው የተወደደ ጭስ ሁሉ ለሠላሳ ግራም ፍጥረት ሳንባ አይስማማም ነው፤ ቡና ሲቆላ የሚወጣውም ጭስ ከዚሁ ይቆጠራል። በእኔ ግምት ይህ ትክክል ነው፤ ደግሞም ለዕጣኑ ክብር የሚጎድል ነገር አላየሁበትም።

12ኛው መልስ የመንዙ አዛውንት ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። ባናውን ስለመምከራቸው ሳይሟገቱ፣ በልጅነታቸው ቤት ውስጥ እንጨት ሲጨስ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ወደ ደጅ ይወጡ እንደነበር አስታወሱ። ያኔ ጭሱ አስቸግሯቸው መሆኑ ገብቷቸው አያውቅም ነበር። ዶሮ እግርም በርም አላት፤ የሽቦ ቤት ያለ ወፍ ግን የት ይሄዳል፣ ሲሉ ጨረሱ። ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የነካኝ ይህ ነው።

13ኛ፣ 14ኛ እና 15ኛ መልስ

በበግና በዶሮ ሕክምና የሚሠራ አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ በበቀቀን ላይ ልዩ ሥልጠና እንደሌለው አስቀድሞ ተናግሮ ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ጻፈ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር የታመመ መምሰል መበላት ነውና። ስለዚህ ላባ መንፋት፣ ወለል ላይ መቀመጥ፣ ጅራትን እያወዛወዙ መተንፈስና የኩስ መለወጥ ሲታይ ሕመሙ የጀመረ ሳይሆን የቆየ ነው። ባጂ በጤናው ከ30 እስከ 40 ግራም ይመዝናልና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እንድመዝነው ነገረኝ። ግራም የሚለይ ሚዛን ከየት ይመጣል? በማግሥቱ በትንሽ የካርቶን ሣጥን ከትቼ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድሁት። ወርቅ ሠሪው ሥራውን አቁሞ፣ መጀመሪያ ባዶውን ሣጥን፣ ቀጥሎ ከነወፉ መዘነልኝ፤ አደይ 28 ግራም ሆነ። ገንዘብ አልተቀበለኝም።

14ኛው መላሽ ግማሽ የቴትራሳይክሊን እንክብል በውኃው ውስጥ እንድበጠብጥለት፣ ለዶሮዎቹ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚያደርግ ጻፈ። ሐኪሙ በ15ኛው መልስ ከቀድሞ እርጋታው ወጣ። የሰው መድኃኒት በዓይን ተገምቶ ለ28 ግራም ወፍ መስጠት ሕክምና እንዳልሆነ፣ የሚፈለገው መድኃኒት መሆኑ እንኳ ሳይታወቅ፣ መጠኑ ሳይሰላ ባክቴሪያውን ማላመድ ብቻ እንደሆነ፣ እዚህ አገር ዶሮም ሰውም የሚድንበት መድኃኒት እየጠፋ ያለው በዚሁ ልማድ መሆኑን ጠንከር አድርጎ ተናገረ።

16ኛ እና 17ኛ መልስ

16ኛዋ እናት ናት፤ የበቀቀን በሽታ ወደ ልጆች ይተላለፋል ሲባል ሰምታ ወፉን ዛሬውኑ ከቤት እንዳወጣው ለመነችኝ። ሐኪሙ መሠረት ያለው ስጋት መሆኑን አልካደም። ክላሚዲያ ሲታሲ የሚባል ተሕዋስ ከበቀቀን ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል የሚያመጣ፣ በታወቀ መድኃኒት የሚድን በሽታ ያስከትላል። መፍትሔው ወፉን መጣል ሳይሆን ኩሱን ደርቆ ሳይበንን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ እጅን መታጠብና ቤት ውስጥ ሰው እንዲህ ከታመመ በቀቀን መኖሩን ለሐኪም መንገር ነው።

18ኛ እስከ 24ኛ መልስ፦ ስለ ምግቡ

ከዚህ በኋላ ሰባት መልሶች በተከታታይ ስለ ምግብ ሆኑ፤ እኔም እጅግ የተማርሁት ከነዚህ ነው። 18ኛው በመክፈቻ ጥያቄዬ ውስጥ የምግብ ሣህኑ ሁልጊዜ ሙሉ ነው ማለቴን ከሁሉ ተለይቶ ልብ አለው። ባጂ ፍሬውን ፈልፍሎ ይበላና ገለባውን እዚያው ሣህኑ ላይ ይተወዋል፤ ከላይ ሲታይ ሙሉ የሚመስል ሣህን ባዶ ሊሆን ይችላል። እፍ በልበት፣ ከዚያ ንገረን፣ ነበር መልእክቱ። ሣህኑን ደጅ አውጥቼ እፍ አልሁበት። ገለባው እንደ ዐውድማ እብቅ ሽቅብ ተነሣ፤ የቀረው ፍሬ ከሥር ጣቴን እንኳ አልሸፈነም። ሰባት ቀን ሙሉ ፍሬ መስሎኝ ያየሁት ገለባ ኖሯል። ጭስና ረኃብ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ።

19ኛዋ ጠላ የምትጠምቅ የከተማችን ሴት ናት። ደረቅ ፍሬ ብቻ ከምሰጠው ብቅል እንድሞክር፣ ብቅል የሆነ ገብስ ጣፋጭ እንደሆነና ጎረቤቷ ያሉት ድንቢጦች ከሰጣው ላይ አልነሣ እያሉ እንዳስቸገሯት ነገረችኝ። 20ኛው መላሽ አሳቡ መልካም መሆኑን መስክሮ አረመው፤ የበቀለ ፍሬ ለባጂ ከደረቁ የተሻለ ምግብ ነው፣ ነገር ግን ለጠላ የሚሆነው ብቅል ቀናት ታፍኖ የሚያድርና ሻጋታ የሚጠጋው ስለሆነ ለወፍ አይሆንም። ዳጉሳ ወይም ገብስ ለአንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ነጭ ጫፉ ብቅ ሲል ወዲያው ይሰጣል፤ ከሰዓታት በኋላ የተረፈው ይደፋል። እርስዋም በትሕትና ተቀበለች።

21ኛው ስለ ኑግ ጻፈ፤ በኩራት የተሞላ ነበር። የእኛው ኑግ ለወፎች መኖ ተብሎ ወደ አሜሪካ እንደሚላክ፣ የአረም ዘር ተደብቆ እንዳይገባም በሙቀት እንደሚታከም፣ አሜሪካኖች በየጓሯቸው ለዱር ወፎች እንደሚሰቅሉት አስታወሰ። ሐኪሙ እዚህ ጋ ጣልቃ ገብቶ ኑግ ቅባት የበዛበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለማይበርር ወፍ ቅንጥብ ያህል ብቻ እንዲሆን አሳሰበ፤ ጎመን፣ ካሮትና ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል እንዳስለምደው ጨመረ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቆሎ ብቻ ቢቆረጥም የሚሆነውን፣ ፍሬ ብቻ የሚበላ ባጂም ይሆናል።

ከዚያ የሸዋ ሮቢቱ ሰው መጣ። እነርሱ ዘንድ ቆላ ስለሆነ ፍራፍሬ እንደማይጠፋ፣ ለራሱ ወፍ ፓፓያ፣ ማንጎና አቮካዶ እንደሚሰጥ ጻፈ። 23ኛው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። ሸዋ ሮቢቴው ተናደደ። የእርሱ ወፍ በልታ ምንም እንዳልሆነች፣ ደገኛ ፍራፍሬ በፌስታል ከማየት በቀር ስለማያውቅ ባይፈርድ እንደሚሻል በ24ኛው መልስ መለሰ። ለዚህ የተሰጠ መልስ የለም፤ ግን ነገሩ ሳይዘጋ እንዳያልፍ እኔ ልጨምር። አቮካዶ ውስጥ ያለው ፐርሲን የተባለው ነገር የወፍን ልብና ሳንባ ይጎዳል፤ መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደ ክፍሉ ይለያያልና አንዲት ወፍ ዛሬ መትረፏ ለነገ ዋስ አይሆንም። ፓፓያውና ማንጎው ጥቂት ጥቂት ከሆነ ችግር የለባቸውም።

25ኛ እና 26ኛ መልስ

የአደይ ቤት መቆሚያዎች ሁለቱም አንድ ዓይነት ልሙጥ ፕላስቲክ ነበሩ። 25ኛው መላሽ፣ ሁልጊዜ አንድ ውፍረት ያለው ነገር የሚጨብጥ እግር መቁሰሉ እንደማይቀር ገልጾ፣ ውፍረቱ የተለያየ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አጥቤና አድርቄ እንዳስገባለት መከረኝ። 26ኛው የባሕር ዛፍ ሽታ ራሱ ጭስን ያህል አይጎዳውም ወይ ሲል ጠየቀ። መልሱን የሰጠው የ4ኛው መልስ ባለቤት ነው፤ ባጂ በአገሩ የሚፈለፍለው በባሕር ዛፍ ግንድ ሽንቁር ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ ገረመኝ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ዛፍና እኔ በመስከረም ያመጣሁት ወፍ የአንድ አገር ልጆች ኖረው ደብረ ብርሃን ላይ ተገናኙ። ቅርንጫፉን ባስገባሁ ማግሥት አደይ ቅርፊቱን ሲልጥ ዋለ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሥራ ነበር።

27ኛ እስከ 29ኛ መልስ

እዚህ ጋ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። 27ኛው ሰው እግዚአብሔር ክንፍ የሰጠውን በሽቦ ማጎር ኃጢአት መሆኑን፣ ሁላችንም ለቅጣት እንደተዘጋጀን ጻፈ። ልቀቀው የሚለውን ምክሩን ብቀበለው አደይ የአንድ ሌሊት ዕድሜ እንደማይኖረው 28ኛው አስረዳው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም፣ አሁንም ይከነክነኛል። 28ኛው ደግሞ በዚያው አፉ፣ ገንዘብ ከማውጣት ከወፍ ዋሻ ደን የራሳችንን በቀቀን ማጥመድ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። 29ኛው አንኮበሬ እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ዝም አላለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ ማጥመድን እንደሚከለክል አስታወሰው፤ ከዚያም በአንኮበር ገደላገደል ስለምትኖረው፣ ስሟንም ከአንኮበር ስለወሰደችው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ገና ስለተገኘችው ግራጫማ ትንሽ ፍሬ በል ወፍ ረጅም ነገር ጻፈ። ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ደስ ስላለኝ ግን አልዘለልሁትም።

30ኛ፣ 31ኛ እና 32ኛ መልስ

30ኛው መልስ የእኔ ሪፖርት ነው። ቡናው ወደ ማድቤት ተዛውሯል። አማቴ ለአንዲት ወፍ ተብሎ ረከቦት ሲሰደድ በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገራሉ፤ እንግዳውም ዕጣኑን ፍለጋ ማድቤት ይገባል። አደይ ወደ ልጄ ክፍል፣ ጠዋት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አጠገብ ሄዷል፤ በመስኮቱና በቤቱ መካከል አንድ ክንድ ተኩል አለ። ማታ ከሦስት ጎኑ ነጠላ ይደረግበታል፤ ባናውን የተውሁት ጠጉሩ ከጥፍሩ ጋር ስለተጠላለፈ ነው። ክብደቱ በሁለተኛው ሳምንት 31፣ በሦስተኛው 33 ግራም ሆኗል። ላባውን መንፋት ትቷል። ነገር ግን አሁንም ሲተነፍስ፣ በተለይ ማታ፣ እንደ ብረት መዝጊያ ሲጥ ሲጥ የምትል ቀጭን ድምፅ ትሰማለች።

ሐኪሙ በ31ኛው መልስ ይህችን ድምፅ ጭሱ ብቻውን ላያመጣት እንደሚችል ጠረጠረ። ፍሬ ብቻ የሚበላ ባጂ አዮዲን ያጥረዋል፤ የታይሮይድ ዕጢው ያብጥና የአየር ቧንቧውን ይጫናል። እኛ ደገኞች በራሳችን አንገት የምናውቀው እንቅርት ማለት ነው። አንድ ቀልደኛ ወዲያው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ብሎ 32ኛ ሆነ፤ አዮዲን ያለበት ጨው ብሰጠውስ ብሎም ጨመረ። ሐኪሙ ጨው ይህችን ለምታህል ወፍ ጉዳት እንጂ መድኃኒት እንደማይሆን፣ አዮዲን በጠብታ፣ በተሰላ መጠን፣ አይቶት በሚያውቅ ሐኪም እጅ መሰጠት እንዳለበት መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ።

33ኛ መልስ

የመጨረሻው ጠያቂ የሚፈልገው አደይ አማርኛ ይናገር እንደሆነ ማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የሞተ ፐክ የተባለ የካሊፎርኒያ ባጂ 1,728 ቃላት በማወቅ በጊነስ መዝገብ እንደተጻፈ ጠቅሶ፣ የእኛውስ ስንት ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረም። ልጄ ስሙን በቀን መቶ ጊዜ ትጠራዋለች፤ ራሱን ዘንበል አድርጎ ይሰማታል እንጂ አይመልስም። ትናንት ማለዳ ግን ከክፍሏ የሲኒ ግጭት ድምፅ ሰምቼ ቡና እዚያ የወሰደ ማን ነው ብዬ ተቆጥቼ ገባሁ። ሲኒ አልነበረም። አደይ ነበር፤ በባሕር ዛፉ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ከፍቶ፣ ረከቦቱ ሲነሣ የሚሰማውን ድምፅ ደጋግሞ ያወጣ ነበር።